ወረቀቱን ከማየታችሁ በፊት አያታችሁን ስሙ

ልጆቼ እንዴት ናችሁ። እኔ እዚህ ማሳቹሴትስ ውስጥ በአንድ የህዝብ ላይብረሪ የቤተሰብ ታሪክ ክፍል 26 ዓመት ሰርቼ ዘንድሮ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፣ ሰፈሩ የአይሪሽ ሰፈር ስለነበር የስራ ዘመኔ በአብዛኛው ያለፈው "አያቴ እንዲህ ብላ ነግራኝ ነበር" እያለ የሚመጣ ሰው በመስማት ነው። ከናንተም መሀል በእናት ወይ በአባት ወገኑ አይሪሽ የሆነ ልጅ አይጠፋም፣ ስለዚህ ስራው ያስተማረኝን ልንገራችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ነው)።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን። ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ሸምገል ያሉ ሴትዮ መጡና "የአያቴን ስም የቀየረው ኤሊስ አይላንድ ያለው ሰራተኛ ነው፣ ኦ የምትለዋን ቆርጦ ጣላት" አሉኝ። ኤሊስ አይላንድ ማለት ኒውዮርክ ወደብ ላይ ያለች በመርከብ የመጣ ስደተኛ የሚመዘገብባት የነበረች ደሴት ናት፣ ኦ ደግሞ እንደ ማክ ከአይሪሽ የቤተሰብ ስም ፊት የምትገባ ናት። እኔም ቶሎ ብዬ ይሄ ልክ አይደለም፣ እዛ ያሉት ሰራተኞች መርከቡ ሲነሳ የተሞላውን መዝገብ ይዘው ነው ሰውን የሚጠይቁት እንጂ አዲስ ስም አያወጡም፣ ደግሞ አያትዎ የመጡት በ1880ዎቹ ነው ኤሊስ አይላንድ የተከፈተው በ1892 ነው አልኳቸው። ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። ሴትዮዋ ግን ፎልደራቸውን ዘግተው ወጡ፣ ተመልሰውም አልመጡ። ማን ነገረዎት፣ ስንት ዓመትዎ ነበር፣ ሲነግሩዎት ፊታቸው ምን ይመስል ነበር ብዬ አልጠየቅኳቸውም እኮ። ብዙ የአይሪሽ ቤተሰብ እንግሊዝ አገሩን ሲገዛ ገና እዛው አየርላንድ እያለ ኦ እና ማክ የሚለውን ከስሙ ላይ አውጥቷል፣ ስለዚህ ስማችን ተነክቷል የሚለው የሴትዮዋ ነገር እውነት ሊኖረው ይችል ነበር፣ የት እና በማን የሚለው ነው የተምታታው። እስካሁን ይቆጨኛል።

የአፍ ወሬ ምን ዋጋ አለው የሚል ሰው ሲገጥመኝ የትልቁን ንፋስ ነገር ነው የምነግረው። ጃንዋሪ 6 ቀን 1839 ሌሊት አየርላንድን ከባድ አውሎ ነፋስ መታት፣ ጣራ ገነጠለ ቤት አፈረሰ ሰው ገደለ። በ1908 ደግሞ የእንግሊዝ መንግስት 70 ዓመት ለሞላው ድሃ ሽማግሌ ጡረታ የሚሰጥ ህግ አወጣና ክፍያው በጃንዋሪ 1909 ተጀመረ፣ ግን አየርላንድ ውስጥ የሁሉም ሰው ልደት በመንግስት መመዝገብ የጀመረው ገና በ1864 ነው፣ ታዲያ ሽማግሌው እድሜውን በምን ያሳይ? ትልቁ ንፋስ የነፈሰ ለት ትዝ ይለኛል ካለ ይሄ ራሱ እንደ ማስረጃ ይታይለት ነበር። የኛ አያቶች የህዳር በሽታ ዓመት ነው የተወለድኩት፣ ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ እንደሚሉት ማለት ነው። በርግጥ ጡረታው ብዙ ሰው አስረጅቷል፣ የ1901ን እና የ1911ን የህዝብ ቆጠራ ጎን ለጎን ካያችሁ በ10 ዓመት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ያረጀ ሰው ታገኛላችሁ፣ ድህነት ነውና እኔ አልፈርድባቸውም።

ወረቀትም ሳይታይ መቅረት የለበትም ደግሞ። አኒ ሙር ኤሊስ አይላንድ በተከፈተበት ቀን፣ ጃንዋሪ 1 1892፣ መጀመሪያ የገባች የኮርክ ልጅ ናት፣ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ይዛ መጥታ የ10 ዶላር የወርቅ ሳንቲም ተሰጣት። ለብዙ ዓመት ቴክሳስ ያለ አንድ ቤተሰብ እሷ የኛ ናት ብሎ ያምን ነበር፣ በክብር በዓል ላይ ሁሉ ይጠሩ ነበር፣ በ2006 ግን አንዲት ተመራማሪ ስታጣራ የቴክሳሷ አኒ ኢሊኖይ የተወለደች ሌላ ሰው ሆና ተገኘች። እውነተኛዋ ከኒውዮርክ ሳትወጣ እዛው ድሃ ሰፈር አግብታ፣ ወልዳ፣ ከልጆቿም አንዳንዶቹን በህፃንነታቸው ቀብራ በ1924 ሞታለች፣ ኩዊንስ ያለው መቃብሯ እስከ 2008 ድረስ ድንጋይ እንኳን አልነበረውም። የቴክሳሶቹ አልዋሹም፣ የሰሙትን ነው የያዙት፣ ግን በዛ ሁሉ ጊዜ የሌላኛዋ መቃብር ስም ሳይፃፍበት ቆየ፣ ይሄ ነው እኔን የሚያመኝ።

ሌላው ዝም የተባለው ነገር ነው። ከ1845 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ ድንቹ ሲበሰብስ ረሃብ ገብቶ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ሞቶ ከዛ በላይ ተሰዷል፣ ግን "ቅድመ አያቴ ስራ ፍለጋ መጣ" ብቻ ተብሎ የቀረበት ቤት ስንት ነው። እንደዚህ ሲሆን ስለ ረሃቡ በቀጥታ አትጠይቁ፣ ስለ መሸኛው ሌሊት ጠይቁ። ልጅ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ሲል ጎረቤት ተሰብስቦ እየበላ እየጨፈረ እያለቀሰ ሌሊቱን ያነጋ ነበር፣ የአሜሪካ ለቅሶ ነበር የሚባለው፣ አይመለስማ፣ ልክ አስከሬን እንደሚጠበቅ ነው የሚጠበቀው። እኔን እናቴ የሸኘችኝን ሌሊት ስለማውቀው ይሄን ስሰማ ሁሌ አንጀቴ ይላወሳል።

እና በስልካችሁ ቅዱ፣ አያት የተሳሳተች ቢመስላችሁም አታርሟት፣ የሰፈሩን ስም እንደጠራችው ፃፉት፣ እሷ ስትጨርስ ነው ወደ መዝገቡ የሚኬደው። የ1901 እና የ1911 ቆጠራ በአየርላንድ ብሄራዊ ቤተመዛግብት ዌብሳይት ላይ በነፃ አለ። ከዛ በፊት የነበረው ቆጠራ በ1922 ደብሊን ያለው መዝገብ ቤት ሲቃጠል ሁሉም ጠፋ ሲሏችሁ እሱም በግማሹ ነው እውነቱ፣ ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን መንግስት ራሱ ነው ያስወገዳቸው። የቀዳችሁትን ፋይል ስትሰይሙት የአያትን ሙሉ ስም፣ ቀኑን እና የተቀመጣችሁበትን ቤት ፃፉበት፣ አንድ ኮፒ ደግሞ ለአክስት ልጅ ላኩ።