መልስ፦ ከጨጓራ ቀዶ ጥገና በኋላ የድሮው አበላል ሲመለስ

እህቴ፣ «ክብደት ለመቀነስ ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ ቀዶ ጥገና ከተሠራሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከቀነስኩት ሰባት ኪሎ ተመለሰብኝ፤ ጨጓራዬ ሰፍቶ ይሆን?» ብለሻል። እኔም በሁለተኛው ዓመት እዚያው ነበርኩ። ስሊቭ ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማ ያነሣል፤ ግሬሊን የሚባለውን የረሃብ ሆርሞንም ይቀንሳል። ልማድን ግን አይቆርጥም።

የእኔ ጉድ ምሳ ላይ አልነበረም። ቡና ላይ ነበር! አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ትንሽ ፈንዲሻ፣ እስከ በረካ ሦስት ስኒ ከነስኳሩ። እንዲህ ያለው ነገር ትንሽ በትንሽ ሲገባ ሳያጠግብ ያልፋል። ቀኑን ሙሉ ሲቃም ጨጓራው መች ይሞላል? ስለዚህ ለሦስት ቀን የቀመስሽውን ሁሉ ጻፊ፣ ጉርሻዋንም ሳትቀር። እኔ ስጽፍ ደነገጥኩ።

ቀጥሎ ፕሮቲን ይቅደም። ብዙውን ጊዜ የሚመከረው በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው፤ አንድ እንቁላል ደግሞ 6 ግራም ገደማ ብቻ አለው። ዶሮውን፣ ዓሣውን፣ አይቡን ቀድመሽ ብይ። እንጀራው ቦታ ከተረፈ ይደርሳል። በጾም ምስርና ሽሮውን ወፈር አድርጊው፤ ቀጭን ሽሮ እንደ ውኃ ነው የሚወርደው። ከምግብ ጋር አትጠጪ፤ ከበላሽ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቂ።

ጉርሻ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። እኔ «ሐኪም ከልክሎኛል» ብዬ እገላገላለሁ።

ቃር ወይም ማስታወክ ካለሽ ግን ሐኪምሽ ይይሽ። በዚያው የቫይታሚን ቢ12ና የብረት መጠንሽንም ተመርመሪ። ማታ ማታ ሲከፋሽ ከሆነ የምትበይው፣ እሱን ለሥነ ልቦና ባለሙያ ንገሪ። እኔ ዘግይቼ ነው የሄድኩት።