ሌሊት የሚያነቃኝ ሻይ ነው?

ጥያቄ፦ ቡና ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ማታ ከእራት በኋላ ግን ሁለት ትልልቅ ኩባያ ጥቁር ሻይ እጠጣለሁ። እንቅልፍ ቶሎ ይወስደኛል፤ ችግሩ ሌሊት ደጋግሜ መንቃቴ ነው። ጠዋት ስነሳም ሰውነቴ ዝሏል። ባለቤቴ «ሻዩ ነው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሻይ ምን አቅም አለው ባይ ነኝ። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ እኔስ ወደ ባለቤትዎ አደላለሁ። ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ የእንቅልፍ ኪኒን የሚጠይቀኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ማታ ምን እንደሚጠጣ ነው። ሻይን ከቁጥር የሚያስገባው ጥቂቱ ነው።

240 ሚሊ ሊትር ጥቁር ሻይ ከ40 እስከ 50 ሚሊግራም ገደማ ካፌይን (እንቅልፍ የሚያባርረው ንጥረ ነገር) አለው። ያንኑ ያህል ቡና ደግሞ 95 አካባቢ። ሁለቱን ኩባያዎን ይደምሩት። ቡናውን ትተው ሳይተዉት ከርመዋል!

ቀን ነቅተን ስንውል አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘን እሱ ነው። ካፌይን ቀድሞ ቦታውን ይይዝበታል። አዴኖሲኑ አልጠፋም፤ መልእክቱ ግን አይደርስም። ሰውነት የካፌይኑን ግማሽ ለማስወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ማታ 2 ሰዓት ከጠጡ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አለ ማለት ነው። ቶሎ መተኛትዎ አያታልልዎ። ካፌይን ጥልቁን እንቅልፍ ስለሚቀንሰው በትንሽ ነገር ይባንናሉ።

«ጓደኛዬ ጠጥቶ ለጥ ብሎ ያድራል» እንዳይሉኝ። ሰው ይለያያል። የሚያጨስ ሰው ካፌይንን ቶሎ ያስወግዳል፤ እርጉዝ ሴትና የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴት ላይ ግን በጣም ይቆያል። ወተት መጨመርም ካፌይኑን አያጠፋውም። ቅጠሉ ብዙ በቆየ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይወጣል።

ሻይ ይተዉ አልልም፣ እኔም አልተውኩም። የመጨረሻዋን ኩባያ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ያድርጓት። ማታ ሞቅ ያለ ነገር ካማረዎ ካሞሚል የሚባለውን የአበባ ሻይ ይሞክሩ፤ ካፌይን የለውም። አንድ ኩባያ ይበቃል፤ የሚነቁት ለሽንት ከሆነ ጥፋቱ የፈሳሹ ብዛትም ሊሆን ይችላል።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አድርገው ለውጥ ካላዩ፣ ሲተኙ ያንኮራፉ ወይም ትንፋሽዎ ቆም ይል እንደሆነ ባለቤትዎን ይጠይቋቸው። «አዎ» ካሉ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።