ሲ በክቶርን ከዘር፦ ለአንባቢዎች ጥያቄ መልስ

ሲ በክቶርን ብርቱካናማና ጎምዛዛ ፍሬ የሚሰጥ እሾኻም ቁጥቋጦ ነው። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ብርድ ስለሚችል ጥያቄዎቹ የመጡልን ከብርድ አገር አንባቢዎች ነው።

ጥያቄ፦ ዘሩን ከፖስታው አውጥቼ ከዘራሁ ወር አለፈኝ፤ አንድም አልበቀለም። ሞቶ ይሆን? (ሚኒሶታ)

መልስ፦ ብርዱን ስላላገኘ ይሆናል። ይህ ዘር በተፈጥሮው የብርዱን ወራት እርጥብ አፈር ውስጥ አሳልፎ ነው የሚነቃው። ስለዚህ 24 ሰዓት ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ የሚንሳፈፈው አብዛኛው ባዶ ነውና የሰመጠውን ይያዙ። አንድ እጁን ከሦስት እጅ እርጥብ አሸዋ ጋር ቀላቅለው በፕላስቲክ ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ60 እስከ 90 ቀን ያቆዩት። አሸዋው ሲጨበጥ ቅርጹን ይያዝ እንጂ ውኃ አያንጠባጥብ። ውኃ ከበዛበት ዘሩ ይበሰብሳል፤ ከደረቀ ደግሞ ብርዱ አይሠራበትም። በየሁለት ሳምንቱ ሻጋታ እንዳልያዘ ይዩት፤ ነጭ ሥር ብቅ ያደረገ ካለ ቀኑን ሳይጠብቁ ይዝሩት። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አይቅበሩት። በ20–25 ዲግሪ ሙቀት ብዙውን ጊዜ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ችግኞቼ ግንዳቸው አፈሩ ጋ እየቀጠነ ይወድቃሉ። (ስቶክሆልም)

መልስ፦ ፈንገስ ነው፤ የሚያመጣውም የውኃ ብዛትና የታፈነ አየር ነው። የወደቁት አይድኑም። ለቀሩት፣ ዕቃውን ከድነውት ከሆነ ክዳኑን ያንሱ፤ የአፈሩ ገጽ ሲደርቅ ብቻ ከሥር በሳህን ያጠጡ። ለሚቀጥለው ዘር የአፈሩን ግማሽ አሸዋ ያድርጉት። መስኮት ዳር ያለው ብርሃን ካነሰም ችግኙ ቀጥኖ ይረዝማል፤ ይህ ተክል ጥላ አይወድም።

ጥያቄ፦ ፍግ ልጨምር?

መልስ፦ አያስፈልግም። ሥሩ ላይ የሚኖር ፍራንኪያ የተባለ ባክቴሪያ ናይትሮጅንን ከአየር ይይዝለታል። ከአንድ የቆየ ሲ በክቶርን ሥር አንድ ማንኪያ አፈር ካገኙ ችግኙ ሲተከል ጉድጓዱ ውስጥ ይጨምሩለት።

ጥያቄ፦ ሁለት ችግኝ አሉኝ፤ ይበቁኛል? (ካልጋሪ)

መልስ፦ አይበቁም፤ ሰው የሚያዝነውም እዚህ ላይ ነው። ወንዴና ሴቴው የተለያየ ተክል ነው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ናት፣ ያውም ወንዴ አጠገቧ ካለ። ከዘር የወጣው ግማሽ ያህሉ ወንዴ ይሆናል፤ እስኪያብብ ደግሞ መለየት ያስቸግራል። ለዚያ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጃል። ሁለቱም ወንዴ ቢሆኑ ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ ጠበቁ ማለት ነው። ስለዚህ ቢያንስ ስምንት ያሳድጉ። በአበባ ዋዜማ የወንዴው እምቡጥ ተለቅ ይላል፤ ያኔ አንድ ወንዴ ለስድስት ሴቴ ትተው የቀረውን ወንዴ ይንቀሉ። ብናኙን የሚያደርሰው ነፋስ ስለሆነ የሚተዉት ወንዴ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ይሁን። ከሥሩ እየሄደ ያቆጠቁጣልና ከአጥርና ከግድግዳ ያርቁት።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ላሉ ቤተሰቦቼ ዘሩን ብልክስ?

መልስ፦ አንመክርም። የደብረ ብርሃን ውርጭ የሌሊት ነው፤ ቀን ፀሐይ ይወጣል። ይህ ተክል የሚፈልገው ለወራት የማይቋረጥ ብርድ ነው። ዘር ያለ እጽዋት ጤና ማረጋገጫ ወደ አገር ማስገባትም አይገባም። ለደጋው ቀጋና እንጆሪ አሉለት።