ያ ጉበን

በቀደም አንዲት የጂኦሎጂ ተማሪ «ጋሼ፣ ድንጋይ ይህን ያህል ከጠነከረ ሲጎተት ለምን ቶሎ ይሰበራል?» ብላ ጠየቀችኝ። መለስኩላት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ወጣት መሐንዲስ ሆኜ አንድ ግንባታ ላይ ነበርኩ። ለበሩ ጉበን፣ ከመቃኖቹ በላይ ለሚጋደመው፣ ወጥ የባዛልት ድንጋይ ተጠርቦ መጣ። ሽማግሌው ጠራቢ ከመሰቀሉ በፊት በመዶሻ አንኳኳው፤ ጆሮውንም አስጠጋ። «ልጄ፣ የዚህ ድምፅ ደስ አይልም። ሌላ እናምጣ» አለኝ። ጤነኛ ድንጋይ ሲመታ እንደ ደወል ያቃጭላል። ያኛው ግን ውስጡ ስንጥቅ እንዳለበት ድንጋይ ድምፁ የታፈነ ነበር።

እኔ ኪሴ ውስጥ የላብራቶሪ ወረቀት አለ። ናሙናው ሲጨመቅ ከ150 ሜጋፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ችሏል። «አባቴ፣ ይሄ ተፈትኗል፤ ስቀሉት» አልኩት፣ ያውም ሠራተኞቹ ፊት። ዝም ብሎ መዶሻውን አስቀመጠ።

ጉበን ጭነት ሲያርፍበት ላዩ ይጨመቃል፣ ሥሩ ይጎተታል። የተጨመቀ ስንጥቅ ይገጥማል። የተጎተተ ግን ይከፈታል፤ ኃይሉም ጫፉ ላይ ይከማቻል። ስንጥቁ በረዘመ ቁጥር መርዘሙ ይቀለዋል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ ይህን በ1921 እ.ኤ.አ. በመስታወት አሳይቷል። ድንጋይ ሲጎተት የሚችለው ሲጨመቅ ከሚችለው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ አልፌበታለሁ። በሩ ሥር ቆሜ ግን ትዝ አላለኝም።

ግንቡ ከላይ ከተጫነ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንገባ፣ ጉበኑ መሃሉ ላይ ከሥር ወደ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። ሰው አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሽማግሌው አንድም ቃል አልተናገረኝም። ሌላ ድንጋይ መርጦ መጥረብ ጀመረ። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ሥራው አለቀ። እሱም አገሩ ገባ።

ከዓመታት በኋላ አክሱም ሄጄ ጎቦድራ ወጣሁ፤ ሐውልቶቹ የተፈለጡበት ቦታ ነው። የሽብልቅ ቀዳዳዎቹ ዛሬም ተደርድረው ይታያሉ። ድንጋይ ከውስጥ ወዲህና ወዲያ ሲገፉት በቀላሉ እንደሚለያይ እነዚያ ሰዎች ያውቁ ነበር። እዚያ ቆሜ ሽማግሌዬን አሰብኩት።

እናንተ የዛሬ ተማሪዎች ሶፍትዌሩን ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። ድንጋይ ስትነኩ ግን አላይም፤ ይህ ያበሳጨኛል። ደግሞ እኛ መምህር ፈርተን የዋጥነውን ጥያቄ እናንተ ትጠይቃላችሁ፤ በዚህ እቀናለሁ። ቁጥር ናቁ አላልኩም። እኔ ራሴ ያለ ሙከራ ውጤት አልፈርምም። ድንጋዩ የሚጎተትበት ቦታ ከሆነ የመጨመቂያውን ወረቀት ይዛችሁ አትምጡ፤ ከድንጋዩ ክብ ቁራጭ ቆርጣችሁ በጎኑ ስትጨምቁት መሃሉ ይጎተታል፤ ስንት ላይ እንደሚሰነጠቅ እዩ። ከዚያም አንኳኩት።

ልጅቷን ቅዳሜ መዶሻ ይዛ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ድንጋይ አለ፤ አንዱ ስንጥቅ ነው። የትኛው እንደሆነ አልነግራትም።