ሽጉጥህን መኪና ውስጥ ትተህ ሥራ ስትገባ

ጥያቄው የመጣው ከዚሁ ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂው ሳቢያን ሠፈር ይኖራል፤ ሥራው ከዚራ ሠፈር ነው። «ጋሼ፣ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለኝ» ይላል። «አንዳንድ ቀን አምሽቼ ስለምመለስ ይዤው እወጣለሁ። መሥሪያ ቤቴ ግን በር ላይ ይፈትሻል፤ መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው። እስካሁን በጨርቅ ጠቅልዬ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው የምተወው። መኪናዬ ኮሮላ ነው። ጠንካራ የብረት ሣጥን ይሠሩልኛል? ወይስ ሌላ መላ አለ?»

ወንድሜ፣ ሣጥኑን እሠራልሃለሁ፤ አሠራሩንም እዚሁ እነግርሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ይህን እንዳነበብክ ሽጉጡን ከወንበሩ ሥር አውጣው። ሣጥኑ እስኪያልቅ ድረስም አይመለስ።

እንዲህ የምልህ በዓይኔ ያየሁት ነገር ስላለ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ የወንበሩ ሐዲድ ተሰብሮበት መኪናውን አመጣና ቁልፉን ሰጥቶን ሄደ። ረዳቴ ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። አራቱን ቡሎኖች ፈትቶ ወንበሩን ሲያነሳ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ። እኔ ፊቴን በብየዳ መነጽር ሸፍኜ ሥራ ላይ ነበርኩ። ቀና ስል ልጁ ጨርቁን እየገለጠ ነው፤ አፈሙዙ ወደ ራሱ ሆድ ዞሯል። ስጮህበት ደንግጦ ቆመ። ከእጁ ወስጄ ካርታውን፣ ማለትም የጥይት መያዣውን፣ ካወጣሁ በኋላ የሽጉጡን የላይኛ ብረት ወደ ኋላ ስስበው ከውስጥ አንድ ጥይት ወጣ። አጉርሶ ነበር የተወው። ባለቤቱ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ «ረስቼው ነው» አለኝ። ዋሽቶ አይመስለኝም። በየቀኑ ከወንበር ሥር የሚቀመጥ ነገር ከጊዜ በኋላ እንደ ክሪክና እንደ ጎማ መፍቻ የመኪናው ዕቃ ይሆናል፤ ሰው ከነመኖሩም ይረሳዋል። ያ ልጅ ዛሬ የራሱ ጋራዥ አለው። ባየሁት ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

ከወንበር ሥር የማይሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። የመኪና ሌባ መስታወት ሰብሮ ሲገባ መጀመሪያ እጁን የሚሰደው እዚያ ነው። ደግሞ አንድ ቀን ወደ ሐረር ወጥተህ ስትመለስ የደንገጎን ጠመዝማዛ እየወረድክ ድንገት ፍሬን ብትይዝ፣ ከወንበሩ ሥር ያለው ብረት ተንሸራትቶ ከፍሬን ፔዳሉ ሥር ሊወሸቅ ይችላል። በዚያ ቁልቁለት ፔዳል አልወርድ ሲል ምን እንደሚከተል ላንተ አልነግርህም። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው መሳቢያም ቢሆን መፍትሔ አይደለም። ቁልፉ ፕላስቲክ ላይ የተሰካ ነው፤ ካቻቢቴ የያዘ ሰው በአንድ ትንፋሽ ይከፍተዋል።

አሁን ወደ ሣጥኑ ከመግባቴ በፊት፣ ገበያዬን የሚጎዳ ቢሆንም የማምንበትን ልንገርህ። በትክክል የተሠራ ሣጥን የሚታሰረው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው። እዚያ የተቆለፈ ሽጉጥ ደግሞ መንገድ ላይ አይደርስልህም። አደጋ ቢያጋጥምህ መኪና አቁመህ፣ ወርደህ፣ ሁለት ቁልፍ ከፍተህ አታወጣውም። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ለሌባ የሚጋለጠው ለምን ጥቅም ነው? አምሽተህ የምትመለስበት መንገድ ካስፈራህ መንገዱን መቀየር፣ ወይም ከሥራ ባልደረባህ ጋር ተያይዞ መውጣት ከኋላ ከተቆለፈ ብረት ይልቅ ይጠብቅሃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሣጥን ለቤትህ ልሥራልህ። ከግድግዳው ኮንክሪት ጋር በቡሎን የታሰረ፣ ልጆች የማይደርሱበት፣ ቁልፉ አንተ ኪስ ውስጥ ብቻ ያለ ሣጥን። የመኪናው ይዘኸው መውጣት ግድ ለሚሆንብህ ቀን ብቻ ይሁን።

የመሥሪያ ቤትህን የጥበቃ ኃላፊም ጠይቀው። በር ላይ የሚፈትሽ ተቋም መሣሪያ በመዝገብና በፊርማ ተረክቦ በተቆለፈ ካዝና የሚያስቀምጥበት አሠራር ካለው፣ ከየትኛውም የእኔ ሣጥን ያ ይበልጣል፤ ሃያ አራት ሰዓት ሰው አጠገቡ አለና። አሠራሩ ከሌለም እንዲጀመር ጠይቅ። እንዳንተ የተቸገረ ሌላ ሠራተኛ አይጠፋም።

ይህ ሁሉ ካልሆነ፣ ሣጥኑ እንዲህ ይሠራል።

ላሜራው 3 ሚሊሜትር ይሁን። ገበያ ላይ በብዛት የሚሸጠው ስስ ሣጥን ከ1 ሚሊሜትር ላሜራ የተሠራ ነው፤ ቀለሙ ያምራል፣ ጥፍር ያለው መዶሻ ግን እንደ ቆርቆሮ ይገልጠዋል። ለመደበኛ ሽጉጥ 28 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 20 ስፋትና 8 ከፍታ ይበቃል። በ3 ሚሊሜትር ሲሠራ ባዶው ሣጥን ወደ 4 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ከዚህ አታስፋው። ሣጥን በሰፋ ቁጥር ለመፈልቀቂያ ብረት የተመቸ ጠርዝ ይኖረዋል፤ ባለቤቱም ገንዘብና ሰነድ እየጨመረበት በቀን አሥር ጊዜ ይከፍተዋል።

ክዳኑ ከላይ የሚደፋ ሳይሆን ወደ ውስጥ ሰምጦ የሚቀመጥ መሆን አለበት፤ ጠርዙ ከሣጥኑ ከንፈር በታች ከገባ መፈልቀቂያ የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም። ማጠፊያው ከውስጥ ይበየድ። ከውጭ ከሆነ ሌባው ቁልፉን ትቶ የማጠፊያውን ዘንግ በመጋዝ ይቆርጣል። ይህን ለመከላከል እኔ በማጠፊያው በኩል ክዳኑ ላይ ከውስጥ አንድ ቁራጭ ብረት እበይዳለሁ፤ ክዳኑ ሲዘጋ ብረቱ ከከንፈሩ ሥር ይገባል። ዘንጉ ተቆርጦ ቢወድቅ እንኳ ክዳኑ በዚያ በኩል አይነሳም።

ጓጉንቸር አንጠልጥዬ አልሰጥህም። የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ መቁረጫ ይጋብዛል። ሲሊንደሩ ከክዳኑ ጋር እኩል የሆነ፣ ምላሱ ወፍራም ብረት የሆነ ባለ ቁልፍ መቆለፊያ ይበቃል። የጣት አሻራና የቁጥር መቆለፊያ የሚፈልግ ብዙ ሰው ይመጣል፤ ለቤት ከሆነ አልቃወምም፣ ለድሬዳዋ መኪና ግን አልመክርም። የግንቦትና የሰኔን ሙቀት ታውቀዋለህ። ውጭው ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ፀሐይ ላይ የተዘጋ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። በዚያ ሙቀት ባትሪ ቶሎ ይደክማል፤ የብረት ቁልፍ ግን ምንም አይሆንም።

አሁን ብዙ በያጆች የሚሳሳቱበት ቦታ ላይ ደረስን፦ ማሰሪያው። ብረት ሥራን ያስተማሩኝ በባቡር ድርጅቱ ወርክሾፕ ያረጁ ባለሙያ ነበሩ። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች እንደ መሆኗ፣ የዚህ ከተማ ብረት ሠራተኛ ዘሩ ቢቆጠር ከዚያ ወርክሾፕ ይመዘዛል። እኚህ ሰው ቡሎን ከማየታቸው በፊት ቡሎኑ የሚያርፍበትን ብረት በጣታቸው ይዳብሱ ነበር። የኮሮላ የኋላ ወለል ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር አይሞላም። የፈለከውን ያህል ወፍራም ቡሎን እዚያ ላይ ብታስር ሌባው ሣጥኑን በሁለት እጁ ነቅንቆ ሲስበው ቡሎኑ ወለሉን ቀድዶ ይመጣል። ስለዚህ ከወለሉ በታች የሣጥኑን ያህል የሚሰፋ ባለ 4 ሚሊሜትር ላሜራ እናስገባለን፤ ወለሉ በሣጥኑና በላሜራው መካከል ተነክሶ ይያዛል።

ቡሎኖቹ አራት፣ ባለ 8 ሚሊሜትር፣ ራሳቸው ላይ 8.8 የሚል ቁጥር የተመታባቸው ይሁኑ። ዳዶው ከሣጥኑ ውስጥ መሆን አለበት። ዳዶው ከታች ከሆነ ሌባው ሣጥኑን መንካት እንኳ አያስፈልገውም፤ ከመኪናው ሥር ተኝቶ በአንድ ቁልፍ ይፈታዋል። ከታች የሚታየው ራስ ክብና ለስላሳ፣ አንገቱ አራት ማዕዘን የሆነ የቡሎን ዓይነት አለ። የላሜራውን ቀዳዳ በሊማ አራት ማዕዘን አድርገን አንገቱን እናስገባዋለን፤ ከውጭ በፒንሳም በቁልፍም የሚያዝ ነገር አይኖረውም፣ አይዞርምም። ውስጥ ደግሞ በመንገድ ንቅንቅ እንዳይላላ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ከሮንዴላ ጋር ይታሰራል።

ሣጥኑን ከመኪናው አካል ጋር በየድልኝ የሚሉኝ አሉ። አላደርገውም። የኮሮላ ነዳጅ ጋን ከኋላ ወንበሩ ሥር ነው ያለው፤ የብየዳ ብልጭታና የቤንዚን ትነት እንዲቀራረቡ አልፈልግም። ለመብሳትም ቢሆን ትራፓኖ ከማንሳታችን በፊት መኪናው ይነሳና ከሥሩ እንገባለን። የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች የት እንደሚያልፉ እናያለን፤ ከማርሚታው በላይ ያለውን ቦታ እንተዋለን፣ እሱ ሲግል ሣጥኑም ይግላልና። ቢጫ መያዣ ያለው ሽቦ የኤርባግ ነው፤ እዚያ አካባቢ አንነካም። የተበሳው ቦታ ሁሉ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፣ በማስቲክ ይደፈናል።

ሣጥኑ ውስጥ ስፖንጅ አታንጥፍ። ስፖንጅ በሙቀት ይፈራርሳል፣ እርጥበትም ይይዛል። ሽጉጡን በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ እንዳለ አትቆልፈው፤ ቆዳ የተለፋበት ጨው ብረት ያዝጋል። ስስ የሱፍ ጨርቅ ይበቃል። ጥይቱ በሙቀት ይፈነዳ ይሆን ብለህ ከሰጋህ፣ በመኪና ውስጥ ሙቀት ብቻውን አይፈነዳም፤ ነገር ግን ለወራት ሙቀት ላይ የከረመ ጥይት ባሩዱ እየደከመ ይሄዳል። ከመኪና ውስጥ ጥይት አታክርም።

ከሣጥኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ አጠቃቀሙ ነው። ሽጉጡን ሣጥን ውስጥ የምታስገባው ቤትህ፣ የግቢው በር ተዘግቶ ሳለ ነው፤ ካርታው ወጥቶ፣ ያልጎረሰ መሆኑም በዓይንና በጣት ተረጋግጦ። መሥሪያ ቤት ደርሰህ ከዚራ በኒም ጥላ ሥር መኪናህን ስታቆም የኋላውን አትከፍተውም። እዚያ መኪና የሚጠብቁና የሚያጥቡ ልጆች አሉ፤ ለክፉ አይደለም፣ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ያንተን መኪና ነው። አንድ ልጅ አንድ ጊዜ ካየ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። ማታም እንዲሁ፤ የሚወጣው ቤትህ ከገባህ በኋላ ነው። ሌሊት መኪና ውስጥ አይደር።

የሣጥኑን ቁልፍ ከመኪናው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት አታድርገው። መኪናህን ለአጣቢ፣ ለጎሚስታ፣ ለእኔ ስትሰጥ የምትሰጠው ቀለበቱን ነው። ለማንም ከመስጠትህ በፊትም ሣጥኑ ባዶ ይሁን። ፈቃዱ የተሰጠው ለአንተ እንጂ ለመኪናህ አይደለም፤ ወንድምህ መኪናህን ተውሶ ሽጉጥህ ውስጡ ካለ መሣሪያህን ለሌላ ሰው ሰጥተሃል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው ነገር እንደ ቀላል አይታይም። ሣጥኑን ከማዘዝህ በፊት ፈቃዱን ወደሰጠህ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሂድና መኪና ውስጥ ቆልፈህ ለመተው ያሰብከውን ነገር ንገራቸው፤ የሚሉህንም ተከተል። ፈቃዱን ሣጥኑ ውስጥ አትተወው፣ ኪስህ ውስጥ ይኑር። የሽጉጡን መለያ ቁጥር ቤትህ በወረቀት ጽፈህ አስቀምጥ። ከተሰረቀ በዚያው ሰዓት ለፖሊስ አመልክት፤ «ምናልባት ይገኝ ይሆናል» እያልክ የምታሳልፈው አንድ ቀን መሣሪያው በሌላ ሰው እጅ የሚያድርበት ቀን ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሠራልኝ ካልክ ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ና። ከመኪናው ሥር ተኝቼ የምሠራው ያኔ ነው። የኋላውን ዕቃ መጫኛ ባዶ አድርገህ አምጣው። ሽጉጡን ግን ይዘህ እንዳትመጣ። ቤትህ ካርታውን አውጥተህና ባዶ መሆኑን አረጋግጠህ ካርቶን ላይ አጋድመው፣ ዙሪያውን በእርሳስ ሥለህ በመቀስ ቁረጠውና ካርቶኑን አምጣልኝ። እኔ ልኩን የምወስደው ከዚያ ነው።