መልስ፦ የቮሱ «ሆርዳላንድ» ጋዜጣ ለምን አይገባኝም?

የኖርዌይኛ ኮርስ ጨርሰሽ በምዕራብ ኖርዌይ የምትገኘውን የከተማሽን የቮስን ጋዜጣ ማንበብ ያቃተሽ ቋንቋው ስለከበደሽ አይደለም። የተማርሽው ቡክሞል ነው፣ «ሆርዳላንድ» ግን የሚጻፈው በኒኖሽክ ነው። ሁለቱም የኖርዌይ መንግሥት የሚቀበላቸው አጻጻፎች ናቸው። በምዕራቡ ፊዮርድ አገር የሚበዛው ኒኖሽክ ነው።

መጀመሪያ ትንንሾቹን ቃላት ያዢ። «ያይ» (እኔ) ያልሽው እዚህ «ኤግ» ነው። «ቫ» (ምን) እና «ቬም» (ማን) ደግሞ «ክቫ» እና «ክቬን» ይሆናሉ። እነዚህ ከገቡሽ ግማሹ ገጽ ይከፈታል። ለቀረው የኒኖሽክ መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ።

ከፖለቲካ አትጀምሪ። አጫጭር የስፖርት ዜናና ማስታወቂያ ይሻላል። በልግ ላይ የበግ ጭንቅላት ግብዣ ካየሽ አትደንግጪ፣ የቮስ ሰው የሚኮራበት ምግብ ነው!

ድረ ገጹ ላይ ተቆልፎ ክፍያ ለሚጠይቅሽ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ የታተመውን ጠይቂ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ማንበቡን በሁለቱም አንብቢ፣ ስትጽፊ ግን በቡክሞልሽ ጽኚ። ጋዜጣ ማንበብ የጀመሩ ልጆች ፈተና ላይ ሁለቱን ሲያደባልቁ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ፈታኙ ደግሞ እንደ ስህተት ነው የሚያየው።