ነጩ ማሊያ በቀኝ በኩል ብቻ ቢጫ ሲሆን

ደብረ ብርሃን ላይ ኳስ ማሳያ ቤት ያለው አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ ፕሮጀክተሬ ባለ ሦስት ፓነል ኤልሲዲ ነው፤ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ነጭ ማሊያ የለበሰ ተጫዋች በግድግዳው ቀኝ በኩል ሲሮጥ ማሊያው ቢጫ ይሆናል፤ ወደ ግራ ሲሻገር ተመልሶ ነጭ ይሆናል። እዚህ ያለ ጠጋኝ ሁለት ጊዜ አምፖል ቀየረልኝ፤ የአቧራ ማጣሪያውን ስፖንጅም አየር ይዘጋል ብሎ አወጣው። ምንም ለውጥ የለም። ሦስተኛ አምፖል ልግዛ ወይስ ማሽኑን ልቀይር?»

ሦስተኛ አምፖል አትግዛ፣ ወንድሜ። «ወደ ግራ ሲሻገር ተመልሶ ነጭ ይሆናል» ያልከው ነገሩን ጨርሶታል። ያ ጠጋኝ ይህቺን ብቻ አስተውሎ ቢሆን ኖሮ የሁለት አምፖል ገንዘብ ኪስህ ይቀር ነበር። አምፖል ሲደክም ግድግዳው በሙሉ ነው የሚደበዝዘው፤ ቀኝና ግራ አይመርጥም። ብርሃኑ ከአምፖሉ ወጥቶ በቀጥታ ፓነሉ (ምስሉን የሚሠራው ትንሹ የኤልሲዲ ስክሪን) ላይ አያርፍም፤ መጀመሪያ ጥቃቅን ሌንሶች እንደ ሰሌዳ በተደረደሩበት ብርጭቆ ያልፋል። እያንዳንዷ ትንሽ ሌንስ የደረሳትን ብርሃን በፓነሉ ሙሉ ገጽ ላይ ትዘረጋዋለች። ስለዚህ ከአምፖሉ የመጣ ጉድለት ሁሉም ቦታ እኩል ይዳረሳል እንጂ አንድ ጥግ ላይ አይቀመጥም። ግድግዳ ላይ ቅርጽ ያለው እድፍ ሊጥል የሚችለው ፓነሉ አጠገብ የተቀመጠ ነገር ብቻ ነው፤ የፊተኛው ሌንስ አጥርቶ የሚያሳየው እዚያ ያለውን ነውና። የፊት ሌንሱ ላይ የጣት አሻራ ብታትም ምስሉን ትንሽ ጉም ያለብሰዋል እንጂ አሻራህ ግድግዳው ላይ አይታይም።

እድፉ ቢጫ መሆኑ ደግሞ የቱ መስመር እንደታመመ ይነግርሃል። ማሽንህ ነጩን ብርሃን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርጎ ይከፍለዋል፤ ሦስቱን በየፓነላቸው ያሳልፍና መጨረሻ ላይ በአንድ ፕሪዝም መልሶ ያዋህዳቸዋል። ከነጩ ላይ ሰማያዊው ሲጎድል የሚቀሩት ቀይና አረንጓዴ ናቸው፤ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ሲደመሩ ቢጫ ይሰጣሉ። (ቀለም ቀቢ ይህን ቢሰማ ይከራከራል። የእሱ ቀለም ብርሃን ይውጣል፤ የኛ ግን ብርሃን በብርሃን ላይ ነው የሚደምረው።) ጥርጣሬዬ እንግዲህ አንድ ነው፦ በሰማያዊው መስመር ላይ ያለው የፖላራይዘር ፊልም፣ ብርሃንን እየመረጠ የሚያሳልፈው ስስ ፕላስቲክ፣ በሙቀት ተቃጥሏል።

ማሽኑን ሳትፈታ ዛሬ ማታ ሞክረው። ላፕቶፕ አገናኝና ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴ፣ ሙሉ ሰማያዊ ገጽ ተራ በተራ አሳይ። ቀዩና አረንጓዴው ከዳር እስከ ዳር እኩል ሆነው ሰማያዊው በቀኝ በኩል ከጠቆረ፣ ልክ ነኝ። ቀጥለህ ሙሉ ጥቁር ገጽ አሳይ፤ ቤቱን አጨልም። እዚያው ቀኝ በኩል ሰማያዊ ጭላንጭል ካየህ ፊልሙ ከመጥቆርም አልፎ ማገድ አቅቶታል ማለት ነው።

አሁን ስለ መክፈት ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር። ክዳኑ ተከፍቶ አምፖሉ አይበራም። የጠጋኙ ሁኔታ ያሳስበኛል፤ አንዳንዶቹ ክዳኑ ሲከፈት አምፖሉ እንዳይበራ የሚያደርገውን መቆጣጠሪያ በሽቦ ቀጥለው ክፍቱን እያስነሱ ሲፈትሹ አይቻለሁ። ይህ አምፖል የቤት አምፖል አይደለም። ሲሠራ ውስጡ ያለው የሜርኩሪ ትነት ግፊት ከውጭው አየር 200 እጥፍ ገደማ ይደርሳል፤ የቤት መኪና ጎማ ከሦስት እጥፍ ብዙም አያልፍም። ከዓይን የተሰወረ አልትራቫዮሌት ጨረርም ያወጣል። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ክፍቱን ለጥቂት ደቂቃ አይቶ፣ ሌሊቱን ልክ ብየዳ ያለ መነፅር እንዳየ ሰው ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስል ሲያለቅስ አድሯል። ያ ሌሊት ከአእምሮዬ አልወጣም። ሽቦ ተቀጥሎ ካገኘህ መጀመሪያ ሽቦውን አውጥተህ መቆጣጠሪያውን ወደ ነበረበት መልስ።

ይህ ፖላራይዘር የሚባለው ምን እንደሚሠራ ካወቅክ ቀሪው ሥራ ቀላል ስለሚሆንልህ ትንሽ ልዘርዝረው። ብርሃን ሲጓዝ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ተሻግሮ ይወዛወዛል። ከፀሐይ ወይም ከአምፖል የወጣ ብርሃን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ በሰያፍም እየተወዛወዘ ተደባልቆ ነው የሚመጣው። የፖላራይዘር ፊልም ተለጥጦ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። ሲለጠጥ በውስጡ ያሉት ረጃጅም ሰንሰለቶች እንደ ሸማኔ ድር ባንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ቀለሙም ተከትሏቸው ይሰለፋል። ማግ የሌለው ድር ማለት ነው። በድሩ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብርሃን ፊልሙ ይውጠዋል፤ ድሩን አቋርጦ የሚወዛወዘውን ያሳልፈዋል።

ከተሰበረ የላፕቶፕ ስክሪን ላይ ያን ጠቆር ያለ ስስ ፊልም ላጥና ሁለት ቦታ ቁረጠው። አንዱን በአንዱ ላይ አድርገህ መስኮት ላይ ስታይ ብርሃን ያልፋል። አንደኛውን ቀስ ብለህ አዙር፤ 45 ዲግሪ ላይ ግማሹ፣ 60 ዲግሪ ላይ ሩቡ ብቻ ይቀራል፤ 90 ላይ ይጨልማል። የመጀመሪያው ያሳለፈውን ሁለተኛው ሁሉንም ዋጠው። አሁን ሦስተኛ ቁራጭ ውሰድና በጨለሙት በሁለቱ መካከል በሰያፍ አስገባ። ጨለማው ይነጋል! አጋጅ ጨምረህ ብርሃን ተመለሰ። ይህን ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። መካከለኛው ፊልም የብርሃኑን ውዝዋዜ ወደ ራሱ አቅጣጫ ዘንበል ስላደረገው የመጨረሻው ፊልም የሚያሳልፈው ነገር አገኘ። ይህን የማዘንበል ሕግ ያገኘው ኤቲየን ሉዊ ማሉስ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። በ1808 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ፓሪስ ላይ፣ ከሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች ተንጸባርቃ የመጣችውን የማታ ፀሐይ ነገሮችን ሁለት አድርጎ በሚያሳይ የካልሳይት ክሪስታል ውስጥ ሲመለከት፣ ክሪስታሉን ባዞረው ቁጥር አንደኛው ምስል እየደበዘዘ ሌላው ሲጎላ አየ። ከመስታወት የተንጸባረቀ ብርሃን ባንድ አቅጣጫ የመወዛወዝ ጠባይ እንዳለው የታወቀው ያኔ ነው። የሾፌሮች ፖላራይዝድ መነፅር የአስፋልቱንና የውኃውን ነጸብራቅ የሚገድለውም በዚሁ ነው።

ፕሮጀክተርህ ውስጥ ደግሞ በሁለት ፊልሞች መካከል የተቀመጠው ፓነሉ ነው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ እንደ ኤሌክትሪኩ መጠን የብርሃኑን ውዝዋዜ ያዞራል ወይም ይተወዋል። ከፓነሉ ኋላ ያለው ፊልም የዞረውንና ያልዞረውን ይለያል፤ የሚፈለገውን ያሳልፋል፣ ሌላውን ይውጣል። የዋጠው ብርሃን ወዴት ይሄዳል? ሙቀት ይሆናል። ለዚህ ነው በእረፍት ሰዓት ምስሉን ጥቁር አድርጎ ማሽኑን ማሳረፍ ብዙ ጊዜ ከንቱ የሚሆነው፦ አምፖሉ ካልቀነሰ በቀር ግድግዳው ላይ ያላረፈው ብርሃን ፊልሙን እየጠበሰው ነው። ሙቀት ሲበዛ የተለጠጠው ድር ይላላል፤ ቀለሙ ይከስላል። የሰማያዊው ቀድሞ የሚሄደው ደግሞ የሰማያዊ ብርሃን እያንዳንዱ ቅንጣት ከቀዩ የበለጠ ጉልበት ስለሚይዝ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ከሶኬት ንቀል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቅ። አምፖሉን ከነቤቱ አውጥተህ ከሥራ ጠረጴዛህ አርቀህ አስቀምጥ፤ መስታወቱን በእጅህ አትንካ። የአምፖሉን ኃይል የሚሰጠው ቦርድ ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ወደ 380 ቮልት ሊይዝ ስለሚችል በቴስተር ሳትለካ ጣትህን እዚያ አታስገባ። የላይኛውን ክዳን፣ ቀጥሎ ዋናውን ቦርድ አንሳ፤ ፍላት ኬብሎቹን ከመንቀልህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳቸው። ብዙ ጊዜ በሦስቱ ኬብሎች አጠገብ አር፣ ጂ፣ ቢ (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) የሚሉ የላቲን ፊደላት ታትመዋል፤ ያንተ ቢ ያለበት ነው። ኬብሉን ተከትለህ ውረድ፤ ፕሪዝሙን ከሦስት ጎን ከበው የተተከሉ ፓነሎች ታገኛለህ። በብዙ ማሽን ላይ ፊልሙ በትንሽ ብርጭቆ ላይ ተለጥፎ በፓነሉና በፕሪዝሙ መካከል ወይም ከፓነሉ በፊት ባለ ጠባብ ማስገቢያ ውስጥ ቆሟል። ሁለቱንም እይ። ከማውጣትህ በፊት የላይኛውን ጥግ በማርከር ምልክት አድርግ፣ የትኛው ፊቱ ወደ ፓነል እንደሚያይም ጻፍ። ይህን አትዝለል፤ አምስት ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል፣ መጥፋት ከነበረበት ብርሃን ከመቶ አንድ እጅ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያመልጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ጥቁሩ ግን አመድ ይሆናል።

ፓነሎቹን ራሳቸውን የያዘውን ቪቴም ሆነ ሙጫ በምንም ምክንያት አታላላ። ሦስቱ ምስሎች በአንድ ነጥብ ላይ እንዲገጥሙ ፋብሪካ ላይ የተስተካከሉ ናቸው፤ የአንዷ ነጥብ ስፋት ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። አንዴ ከተነቃነቀ በየጽሑፉ ዳር ቀይና ሰማያዊ ጥላ ይቀርልሃል። እንዲህ የተነካካ ማሽን ይዘውልኝ ሲመጡ ልቤ ያዝናል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም።

ያወጣኸውን ፊልም እንዲህ ፈትሽ። ላፕቶፕህ ላይ ሙሉ ሰማያዊ ገጽ ክፈት፤ ፊልሙን ከፊቱ ይዘህ ቀስ ብለህ አዙር። የኤልሲዲ ስክሪን ብርሃን ራሱ ባንድ አቅጣጫ የሚወዛወዝ ስለሆነ ደህናው ፊልም በአንዱ ማዕዘን ላይ እኩል ይጨልማል። የተቃጠለው ግን እንደ ሻይ ጠብታ ቡናማ ክብ ያሳይሃል፤ ወይም ሌላው ሁሉ ሲጨልም አንድ ቦታ ላይ ገርጥቶ ይቀራል። ነጭ ገጽ ላይ አትፈትሽ፤ ለሰማያዊ የተሠራ ፊልም ቀዩን በደንብ ላያግድ ስለሚችል ያሳስትሃል። አቧራ ካለው በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ብቻ ንፋው። አልኮልና ሶፍት አታስጠጋው፤ የጎማ ቤት ኮምፕሬሰርም ዘይትና ውኃ ይተፋበታል።

ምትኩን ከተመሳሳይ ሞዴል የሞተ ማሽን ላይ፣ ከሰማያዊው መስመር ብቻ አውጣ። የአረንጓዴው አይተካውም። በሜትር ተቆርጦ የሚሸጠውን ርካሽ ፊልም ግን ተወው፤ ለሰዓትና ለካልኩሌተር የተሠራ ነው፤ የፕሮጀክተር ሙቀት በጥቂት ቀን ይበላዋል። በአምፖሎቹም ሳልናገር አላልፍም። ሁለቴ የተቀየረልህ ምናልባት አሮጌው አንጸባራቂ ውስጥ በሙጫ የተተከለ ፎርጂድ ሊሆን ይችላል። የአምፖሉ ብልጭታ ርዝመቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ናት፤ መቀመጥ ያለባትም ልክ በአንጸባራቂው ትኩረት ነጥብ ላይ ነው። በእጅ የተተከለ አምፖል ይህን ሲስት ብርሃኑ ወደ ሌንሶቹ መሄዱ ቀርቶ የውስጡን ፕላስቲክ ያበስላል። የአምፖሉ ቤት ጠርዝ ላይ የቀለጠ ነገር ካየህ አትመልሰው።

አዲሱ ፊልም እንዳይደገምበት ግን ሙቀቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብህ። ስፖንጁን ያወጣው ሰው በደለህ፤ አቧራው ገብቶ ፓነሎቹን የሚያቀዘቅዘውን መተላለፊያ ደፍኖታል። ስፖንጅ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይመለሳል፤ አይጣልም። ሁለተኛው ደብረ ብርሃን መሆንህ ነው። ከተማህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ቬንትሌተሩ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ትንሽ ነው። ለዚህ ማሽኖቹ የከፍተኛ ቦታ ማስተካከያ አላቸው፤ ብዙዎቹ መመሪያዎች ከ1,500 ሜትር በላይ እንዲበራ ያዛሉ። አዲስ አበባም፣ ደሴም፣ ጎንደርም ከዚያ በላይ ናቸው፤ ሆኖም ለጥገና ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ ላይ ጠፍቶ ነው የማገኘው። ሜኑው ውስጥ ፈልገህ አብራው። ድምፁ ይጨምራል፤ ይጨምር። ሦስተኛው መብራት ሲጠፋ ነው። ቬንትሌተሩ ድንገት ይቆማል፣ የጋለው አምፖል ግን ሙቀቱን መልቀቁን አያቆምም። አምፖሉን አጥፍተህ ቬንትሌተሩ ሥራውን እስኪጨርስ የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ (ባለ ባትሪ የኃይል መጠባበቂያ) በቂ ነው። በጨዋታ አጋማሽ አታጥፋው፤ የጋለ አምፖል ወዲያው አይነሳም፣ ማጥፋት ማብራቱም ያስረጀዋል። የኃይል ቁጠባውን ተጠቀም። በሁለት ጨዋታ መካከል ከአንድ ሰዓት በላይ ካለ ግን አጥፋው።

ፊልሞቹ ሁለቱም ደህና ሆነው ከተገኙ የተጎዳው ፓነሉ ራሱ ነው። ያን ለብቻው መቀየር አይቻልም፤ ከነፕሪዝሙ ነው የሚቀየረው፤ በዚያ ገንዘብ ያገለገለ ማሽን ብትፈልግ ይሻልሃል። ፊልሙን መልሰህ ስታበቃ ቪቴዎቹን ሁሉ አጥብቅ፣ የአምፖሉን ክዳን ዝጋ፣ ከዚያ ብቻ አስነሳ። ውጤቱን ለማየት ብትቸኩልም ክዳኑ ተከፍቶ አይበራም። ቤትህ ሰው ሞልቶ ሳለ የፍንዳታ ድምፅ ሰምተህ ምስሉ ከጠፋ፣ ሰዉን አስወጣ፣ መስኮቱንና በሩን ክፈት፣ ማሽኑን እስኪበርድ አትንካው፤ ስብርባሪውንም በጓንት ልቀም እንጂ አትጥረገው።